በሐምሌ ቬሎ አይወጣም

መብርሂት ሙሽራ አድንቃ አታውቅም። ካዛንቺስ ውስጥ ቬሎ ማከራየት ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ መጀመሪያ ካለበሰቻቸው መሀል ዛሬ ልጅ ለመዳር ደፋ ቀና የሚሉ አሉ፤ ከአንዷም ፊት ቆማ «አምሮብሻል» ያለችበት ቀን የለም። ሙሽራዋ መስታወት ፊት ትቆማለች፣ ሚዜዎቿ ያለቅሳሉ፣ አክስቶቿ እልል ይላሉ። መብርሂት ከንፈሯ መሀል ስፒል ደርድራ ወገቡን ታጠብቃለች፣ ትከሻውን ታስተካክላለች፣ ዚፑን እስከ ላይ ትጎትታለች። ስትጨርስ የተረፉትን ስፒሎች ከአፏ አውጥታ አንዲት ቃል ትናገራለች። «ገባ» ትላለች። ከዚያ ቦርሳዋን ዘግታ፣ ለቤተሰቡ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብላ፣ ወደሚቀጥለው ሙሽራ ቤት ትገሰግሳለች።

ሰፈሩ ይህን ኩራት ይለዋል። ኩራት አይደለም፤ የሥራ ነገር ነው። ሙሽራን ሲያደንቋት ታለቅሳለች፣ ስታለቅስ ደረቷ ይነፋል፣ ደረቷ ሲነፋ ዚፑ ይሄዳል። መብርሂት ይህን የተማረችው ገና ጀማሪ ሳለች ነው። አንዲትን የኡራኤል ልጅ «እንዴት ታምሪያለሽ!» ከማለቷ ልጅቷ ሳግ ያዛት፣ ቬሎው ከጀርባ ተተረተረ። ያቺ ሙሽራ ቀኑን ሙሉ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ተዳረች። በሰርጓ ፎቶዎች ሁሉ ላይ ከኋላዋ ግድግዳ አለ።

መብርሂት ማድነቅ ሲያምራት የምታደንቀው ከሩቅ ነው። የሰርግ መኪና በአስፋልቱ ሲያልፍ ቆም ትላለች፤ ቬሎው ከልጅቷ ጋር የተስማማ እንደሆነ «ማን ነው ያለበሳት?» ብላ ትጠይቃለች። ከእሷ አፍ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ የሰማ የለም። የሙያው ሰዎች ይህን ያውቃሉ። ስታዲየም አካባቢ የምትሠራ አንዲት አልባሽ «መብርሂት ማን አለበሳት ብላ ጠየቀች» ተብሎ ቢነገራት ለሳምንት ያህል ከኩራት የተነሳ ሰው አላናግር ብላ ነበር።

ሱቋ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከአንድ ፎቶ ቤትና ከአንድ ጫማ ጠጋኝ መሀል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ቬሎዎቹ ግራና ቀኙን ሞልተውት ሰው የሚገባው በጎኑ ነው። መስኮቱ ላይ ክንድ የሌላት አሻንጉሊት ቬሎ ለብሳ ቆማለች። ሰኔ ሲገባ ግን አሻንጉሊቷ ትራቆታለች፣ ቬሎዎቹ በላስቲክ ይጠቀለላሉ፣ መብርሂትም መጋረጃና የአልጋ ልብስ ወደ መስፋት ትዞራለች። በክረምት ቬሎ አይወጣም። የጥር አቧራ በብሩሽ ይለቃል፤ የሐምሌን ጭቃ ግን ኦሞም አይችለው፣ በረኪናም አይችለው። «በክረምት የምርቃት ጋዋን ለምን አታከራዪም? ተመራቂው ብዙ ነው» ብለው የመከሯት ነበሩ። ጥቁር ልብስ ሱቄ አይገባም አለች፤ በዚያው ተዘጋ።

ደግሞስ በክረምት ማን ይሰርጋል? ሰኔ ጾም ነው፣ የነሐሴ መጀመሪያም ጾም ነው፣ መሀል ላይ ያለችው ሐምሌ ደግሞ ከላይ ዝናብ ከታች ጭቃ ናት። በዚያ ላይ ዓመቱ 1999 ነበርና ሰርግ ያሰበ ሰው ሁሉ ለሚሊኒየሙ እያቆየው ነው። በሐምሌ የሚሰርግ ሰው ወይ ቪዛው መጥቷል ወይ የሙሽራዋ ሆድ ገፍቷል፤ ሰፈሩ ሦስተኛ ምክንያት አያውቅም።

ሦስተኛውን ምክንያት ያመጣችው የመብርሂት ልጅ ደሊና ናት።

ደሊና መስቀል ፍላወር አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። አባቷ አጽብሃ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ እሷ ፊደል ሳትቆጥር ነው የሞተው። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ብቻቸውን ኖሩ። ብቻቸውን ኖሩ ሲባል ግን ከጥር በስተቀር ነው። ጥር ላይ መብርሂት የሰው እንጂ የልጇ አልነበረችም። ደሊና ደግሞ በደህና ወር መወለድ እያለ የተወለደችው ጥር ውስጥ ነው። የልደቷ ዳቦ ሁልጊዜ የሚቆረሰው በየካቲት ነበር። ኩፍኝ የያዛት ጥር ላይ ነበር፤ እናቷ ኮሌታዋ ላይ ስፒል እንደሰካች ገብታ፣ ግንባሯን በእጇ ነክታ፣ መድኃኒቱን ለጎረቤቷ ለእትዬ ለተሚካኤል አደራ ብላ ወጣች። ደሊና ከዚያ ሁሉ የልጅነት ነገር የማትረሳው ያንን ነው። ግንባሯ ላይ የነበረው እጅ ሲነሳ የተሰማት ባዶነት ካደገችም በኋላ አልለቀቃትም። እናቷን ትወዳታለች፣ ትኮራባታለች፣ ቬሎ የተባለ ነገር ግን ስታይ ይከፋታል።

በግንቦት አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሱቅ መጣችና እናቷ ሥራዋን እስክትጨርስ እንኳን ሳትጠብቅ ነገሯን አወጣችው።

«አደይ፣ ቀን ቆርጠናል» አለች። እናቷን በትግርኛ አደይ ነው የምትላት፤ የቀረው ወሬያቸው እንደመጣለት ነው።

«መቼ?»

«ሐምሌ።»

መብርሂት መቀሷን አስቀመጠች። «የየትኛው ዓመት ሐምሌ?»

«የዘንድሮ።»

«በሐምሌ እኮ ቬሎ አይወጣም።»

«አውቃለሁ። ለዛ ነው እኮ ሐምሌን የመረጥነው።»

መብርሂት ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ዓይኗ ወገቧ ላይ ትንሽ ቆየ።

«ኧረ ምንም የለም! እንደዛ አትዪኝ» አለች ደሊና። «በቃ ስሚኝ። በጥር ባገባ አንቺ የት ነው የምትሆኚው?»

«ካንቺ ጋር ነዋ።»

«ቅዳሜ ነው። ሦስት ሙሽራ ይዘሻል። አንዷ ጎተራ፣ አንዷ ሳሪስ፣ አንዷ የት እንደሆነች ገና አልተነገረሽም። እሺ፣ የት ነው የምትሆኚው?»

መብርሂት ሜትሯን በጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች።

«በሐምሌ ግን ማንም የለሽም። እኔ ብቻ ነኝ ያለሁሽ። ማለቴ... አንድ ቀን አልባሽ ሳትሆኚ እናቴ ሁኚልኝ። የሙሽራ እናት ወንበር ላይ ቁጭ በይልኝና እኔና ያደታ ጉልበትሽን ስመን እንውጣ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ታዲያ ማን ሊያለብስሽ ነው?»

ደሊና ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች።

«አንቺ አልብሺኝ። ከዛ ግን ቁጭ ትያለሽ።»

«ቁጭ እላለሁ።»

«ማርያምን በይ።»

«ማርያምን» አለች መብርሂት፤ መቀሷንም አነሳች።

ሙሽራው ያደታ ከአባቱ ከአቶ ገቢሳ ጋር ቄራ ሥጋ ቤት አለው። አቶ ገቢሳ ቀኑን ሲሰሙ አልተደሰቱም። ሥጋ ቤት ከአንዱ ጾም ወጥቶ ሌላው እስኪገባ የሚተነፍሰው በሐምሌ ነው፤ ልጃቸው ደግሞ እሷኑ መርጦ ሊሞሸርባት ነው። «የኛ ሰው ለማግባት ሥጋ ቤት ይዘጋል እንጂ ሥጋ ቤት በተዘጋበት ጊዜ አያገባም» ብለው አጉረመረሙ። ይህን ካሉ በኋላ ለሰርጉ የሚሆነውን በሬ ከማንም ቀድመው ሄደው መረጡ።

ሰፈሩ ግን ከሁለቱ ምክንያቶች አንዱን መምረጥ ነበረበት። ቪዛ እንደሌለ ስለታወቀ ወሬው ሆድ ላይ አረፈ። መብርሂት ልጇን በየሳምንቱ ስለምትለካት የደሊና ወገብ አንዲት ጣት እንዳልጨመረ ከማንም የበለጠ ታውቃለች። ሜትሩን ይዛ ቤት ለቤት መዞር ግን አልቻለችም።

ሰኔ ላይ የቬሎው ነገር ተነሳ። የደሊና አንደኛ ሚዜ እጸገነት፣ እዚያው ሆቴል የምትሠራ ቀልጣፋ ልጅ፣ አንድ እንግዳ ጥሎት የሄደውን የፈረንጅ መጽሔት ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ከደሊና ጋር ሱቅ መጣች። መጽሔቱ ከዳር እስከ ዳር በበረዶ መሀል የቆሙ ሙሽሮች ነበሩበት። ሁሉም አንገታቸው ላይ ነጭ ጸጉራም ነገር ጠምጥመዋል።

«እዩት እትዬ መብርሂት፣ የብርድ ሰርግ ስታይል ማለት ይሄ ነው። ፐርፌክት አይደል?»

መብርሂት መነጽሯን አድርጋ ብዙ ጊዜ ወስዳ አየችው። «ትከሻዋን ገልጣ አንገቷ ላይ የበግ ለምድ የጠመጠመችው ለምንድን ነው? ከበረዳት ትከሻዋን አትሸፍነውም?»

«ፋሽን ነዋ!»

«ደግሞ ትስቃለች» አለች መብርሂት፤ ገጹን ገለበጠች። «በረዶው ንጹሕ ነው። እዚህ ላይ ቬሎ ቢጎተት ምንም አይሆንም፤ እንዲያውም ይጠርጋል። እስቲ ይቺን ልጅ አምጥተሽ እኛ በር ላይ አቁሚያት።»

ሦስቱም በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። በዚያች ቅጽበት አንድ ታክሲ ኩሬው ውስጥ ገብቶ መስታወቱን እስከ አሻንጉሊቷ አንገት ድረስ ጭቃ አለበሰው። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ይቅርታ ማዘር» አለ።

«እሺ፣ ገብቶኛል» አለች እጸገነት፤ መጽሔቱንም መልሳ ብብቷ ውስጥ ከተተች።

መብርሂት ግን ነገሩን አልተወችውም። ከተሰቀሉት ቬሎዎች አንዱንም ለልጇ አላሰበችም፤ የሰው ላብ የገባበት ነው አለች። ወፍራም ሳቲን ገዛች። እጁን እስከ አንጓ አስረዘመችው፣ አንገቱን ወደ ላይ አወጣችው። ከአንድ ጥሩ ጋቢ ላይ ከቬሎው በላይ የሚደረብ ካባ ቆርጣ ጥለቱን በጠርዙ ዙሪያ አዞረችው። ከኋላ የሚጎተተውንም ከውስጥ በኩል በቀለበትና በቁልፍ ተሰብስቦ ወደ ላይ እንዲሰቀል አድርጋ ሠራችው። የጨረሰችውን ወገብ ሦስት ጊዜ ተርትራ ሦስት ጊዜ ሰፋችው። ለማንም እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ልጇን ምን ያህል እንደምትወዳት ለራሷም የገባት ያኔ ሳይሆን አይቀርም፤ ለደሊና ግን የነገረቻት ነገር የለም፣ «ቀጥ ብለሽ ቁሚ» ብቻ ነው ያለቻት።

የቀረው ጫማው ነበር። ነጭ ባለተረከዝ ጫማ በሐምሌ የካዛንቺስ ጭቃ ውስጥ ከገባ አይወጣም። መላውን ያመጣው ያደታ ነው።

«እትዬ መብርሂት፣ አንድ ነገር ልበል? አይቆጡኝም?»

«ተናገር።»

«ቄራ ውስጥ ሠራተኛው በሙሉ የሚያደርገው ነጭ የላስቲክ ቦት ጫማ አለ። እስከዚህ ድረስ ነው» አለ ጉልበቱን በእጁ እየመታ። «ከሥር ማን ያያል?»

መብርሂት መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «ደም የሚረገጥበት ጫማ፣ በእኔ ቬሎ ሥር?»

«አዲስ ነው የምገዛው! ማንም ያልረገጠበት!»

አዲስ ገዝቶ አመጣ። መብርሂት አዲሱን ቦት በበረኪና አጠበችው፤ ሲደርቅ ደግማ አጠበችው፤ ውስጡንም በተረፈው ሳቲን ገበረችው። ደሊና አድርጋው በሱቁ ውስጥ ሁለቴ ስትመላለስ ላስቲኩ ጯ ጯ አለ። እጸገነት ሳቋን ለመዋጥ ወደ ውጭ ወጣች። መብርሂት ጎንበስ ብላ የጨርቁን ጫፍ አየች፤ ጫማው አይታይም። «ገባ» አለች።

የሰርጉ ቀን ጠዋት ዝናቡ ገና ሳይነጋ ጀምሮ ሲወርድ ነበር። የእነ መብርሂት ቤት አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት በመሆኑና ጣሪያውም በሦስት ቦታ ስለሚያፈስ ሙሽራዋ የምትለብሰውም የምትሸኘውም እትዬ ለተሚካኤል ሳሎን ውስጥ እንዲሆን ተስማምተዋል። ከሱቁ ብዙ አይርቅም፤ በቅያሱ ተገብቶ ወደ ታች ወረድ ሲባል ነው። ደሊና ከሁሉ በፊት ያደረገችው አንድ ወንበር ጎትታ ሳሎኑ መሀል ማስቀመጥ ነው። ነጭ ነጠላም አለበሰችው።

«ይሄ ያንቺ ነው» አለች እናቷን።

«አየሁት» አለች መብርሂት። ስፒሎቿን ከንፈሯ መሀል ደርድራ ሥራዋን ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር እንደ ሁልጊዜው ሄደ፤ ጥፋቱም ከዚያ መጣ። ሚዜዎቹ ጥግ ላይ ቆመው አለቀሱ። እትዬ ለተሚካኤል እልል አሉ። ቪዲዮ ቀራጩ መብራቱን አበራና ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። መብርሂት ወገቡን አጠበቀች፣ ትከሻውን አስተካከለች፣ ዓይነ ርግቡን ሰካች፣ የጋቢውን ካባ ደረበች፣ ዚፑን ጎተተች። ዚፑ ግማሽ መንገድ ላይ ትንሽ ስለያዘ ሐሳቧ በሙሉ እሱ ላይ ነበር። ደሊና በመስታወቱ ውስጥ የእናቷን ፊት ትፈልጋለች፤ የሚታያት ግን ጎንበስ ያለ አናቷ ብቻ ነው። በመጨረሻ ዚፑ ወጣ።

«ገባ» አለች መብርሂት።

ቦርሳዋን ዘጋች። ቀና ስትል የሚያለቅሱ ሚዜዎች፣ እልል የሚሉ ሴቶች፣ የተሸፈነ የዳቦ ትሪ፣ የሰው ሳሎን አየች። እንዲህ ያለ ክፍል ሃያ ዓመት ሙሉ በየሰርጉ አይታለች። እትዬ ለተሚካኤልን «እንኳን ደስ አላችሁ» አለቻቸው።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን» አሉ እትዬ ለተሚካኤል፤ የሆነ ነገር ረስታ ልታመጣ መስሏቸው በሩንም ከፈቱላት።

መብርሂት ጃንጥላዋን ዘርግታ ወጣች። ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ፣ ድንጋይ እየመረጠች፣ ቅያሱን ወጣች። ስለ ዚፑ ታስብ ነበር፤ በሚቀጥለው ሰም መቀባት አለበት አለች በልቧ። የሱቁን ቁልፍ ከፈተች፣ መብራቱን አበራች፣ የረጠበ ነጠላዋን ሰቀለች፤ አዲስ ስፒሎች ቆጥራ ከንፈሯ መሀል ደረደረችና ዱካዋ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ የሚቀጥለውን ቬሎ ፈለገች።

ሁሉም በላስቲክ እንደተጠቀለሉ ናቸው። አንዱን ገለጠች፣ ሌላውን ገለጠች። ቀጥሎ ማናት? ስሟን ለማስታወስ ሞከረች። ሰፈሯንም ለማስታወስ ሞከረች። መስኮቱ ላይ አሻንጉሊቷ ራቁቷን ቆማለች፤ አሻንጉሊቷ ራቁቷን የምትሆነው በክረምት ነው። ክረምት ከሆነ ደግሞ ቀጥሎ ማንም የለም። ሐምሌ ላይ አንዲት ሙሽራ ብቻ ናት ያለቻት።

መብርሂት ነጠላዋን ለመንጠቅ ተነሳች፤ ልክ ስትነሳ ከወደ ቅያሱ የሰርግ መኪናዎች ክላክስ ተሰማ። ብዙ መኪና ነው፣ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ሄዱ ማለት ነው። ልጇን ወንበሩ ባዶ እንደሆነ፣ ጉልበት ሳትስም፣ ወሰዷት። ማርያምን ብላ የማለችበት አፍ ውስጥ ስፒል ሞልቷል። ተመልሳ ዱካዋ ላይ ቁጭ አለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ እንዲህ አፍራም፣ እንዲህ አዝናም አታውቅም።

ክላክሱ ግን የመሄድ ሳይሆን የመምጣት ነበር። እትዬ ለተሚካኤል ቤት የሆነውን በኋላ እጸገነት እንደነገረቻት፣ ያደታ ከነሚዜዎቹ ደርሶ፣ ልጃገረዶቹ በሩን ዘግተው ዘፍነውበት፣ ሽቶ ተረጭቶ፣ እጅ ተነስቶ ከገባ በኋላ «እሺ፣ ጉልበት ይሳማል፣ እናትየው ይምጡ» ተባለ። ሁሉም ወደ ወንበሩ ዞረ። ወንበሩ ላይ ነጠላው ብቻ አለ። መጸዳጃ ቤት ታየ፣ ማጀት ታየ፣ ድንኳኑ ታየ። ሞባይሏ ላይ ተደወለ፤ እጸገነት ቦርሳ ውስጥ ጮኸ፤ «እንዳይረብሸኝ ያዢልኝ» ብላ የሰጠቻት ራሷ ናት። አቶ ገቢሳ ሰዓታቸውን አይተው «ሴትየዋ ሐሳባቸውን ቀየሩ እንዴ?» አሉ። ቪዲዮ ቀራጩ ባዶውን ወንበር ለረጅም ጊዜ ቀረጸው።

ደሊና አላለቀሰችም። ወንበሩን አየች፣ የእናቷ ቦርሳ ያለመኖሩን አየች፣ ከዚያ የቬሎውን ፊት በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ላይ ሰበሰበችው። የቄራው ነጭ ቦት እስከ ጉልበቷ ድረስ በሰው ሁሉ ፊት ታየ። «የት እንዳለች አውቃለሁ» ብላ በሩን አልፋ ዝናቡ ውስጥ ገባች። መኪና ይምጣ ያላትም አልነበረም፤ ቅያሱ ውስጥ የተደረደሩት መኪናዎች ወደፊትም ወደኋላም አይሉም።

መብርሂት የላስቲኩን ድምፅ ነው መጀመሪያ የሰማችው። ጯ ጯ፣ ጯ ጯ እያለ ቀረበ። ቀና ስትል ልጇ በሩን ሞልታው ቆማለች። ዓይነ ርግቡ ወደ ጎን ዞሯል፤ የጋቢው ካባ ውኃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ከኋላ ያሉት ቀለበቶች ተፈተው ያ ሁሉ ሳቲን ከእትዬ ለተሚካኤል በር ጀምሮ ጭቃውን እየጠረገ መጥቷል። ነጭ የሚባል ነገር የቀረው ቦቱ ብቻ ነው፤ ላስቲክ ስለሆነ ዝናቡ አጥቦታል። ከኋላዋ ያደታ የእትዬ ለተሚካኤልን አበባ አበባ ያለበት ጃንጥላ ይዞ ያለከልካል። ከእሱ ኋላ እጸገነት ጫማዋን በእጇ ይዛለች።

ደሊና የእናቷን ዓይን ትከታተል ነበር። መብርሂት ሙሽራ ስታይ መጀመሪያ የምታየው የቬሎውን ጫፍ ነው፤ ደሊና ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ስለ ጭቃው እንድትናገር ጠበቀች። ያን ጊዜ ምን እንደምትመልስላትም በመንገዷ ላይ አዘጋጅታ ነበር፤ ጥሩ ቃል አልነበረም።

መብርሂት ግን ወደ ታች አላየችም። የልጇን ፊት ነበር የምታየው። ዝናብ አርሶት፣ ከሩጫው ቀልቶ፣ ከንዴት የተነሳ የአጽብሃን ፊት መስሎ ነበር። ለመናገር ስትል ስፒሎቹ ከንፈሯ ላይ እንዳሉ ትዝ አላትና አንድ በአንድ እያወጣች ኮሌታዋ ላይ ሰካቻቸው።

«ማን ነው ያለበሰሽ?» አለች በመጨረሻ።

ደሊና አዘጋጅታው የመጣችው ቃል ጠፋባት። ይህን ጥያቄ ሃያ ዓመት ሙሉ ለማታውቃቸው ሙሽሮች ሲጠየቅ ሰምታዋለች።

«እናቴ» አለች። «አለበሰችኝና ሄደች።»

መብርሂት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ያለቀሰችው ድምፅ አውጥታ ነው፤ ሚዜዎች እንደሚያለቅሱት። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አለች፤ ሌላም ብዙ ነገር አለች፣ ግን በትግርኛም በለቅሶም ስለነበር ያደታ አልገባውም። ባይገባውም ጃንጥላውን አጥፎ ገባ። ሱቁ ለመንበርከክ ስለማይበቃ ቬሎዎቹን በትከሻው ገፋ አድርጎ ቦታ አበጀ። እሱም ደሊናም እዚያው ዱካዋ አጠገብ ተንበርክከው ጉልበቷን ሳሙ። ደሊና ስትንበረከክ ሳግ ያዛት፤ ዚፑ ከጀርባዋ ጠረር ብሎ እስከ ወገቧ ተከፈተ። መብርሂት በአንድ እጇ እየመረቀች በሌላው ኮሌታዋ ላይ ካሉት ስፒሎች እያነሳች ጀርባዋን ሰካካችላት።

ሲወጡ ዝናቡ ትንሽ አባርቷል። ቅያሱ ላይ እነ አቶ ገቢሳ፣ ቪዲዮ ቀራጩና ግማሹ ሰርገኛ ወደ ሱቁ ሲመጡ ታዩ። እጸገነት ቶሎ ጎንበስ ብላ የሚጎተተውን ልታነሳ እጇን ዘረጋች።

«ተይው፣ ይጎተት» አለች መብርሂት።

ሱቁን ቆለፈች። ቁልፉን ለእጸገነት ሰጠቻትና የልጇን ክንድ ያዘች፤ እስከ ማታ ድረስም አልለቀቀችውም።